ከኦሬንጅ ፋርም የመጣው ንድፍ

ባለፈው ወር የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ እዚህ አጠገባችን ወዳለው የገበያ ማዕከል ሄጄ፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት «ፕሮፍ» ብላ ጠራችኝ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለጎረቤቶቼ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ ነኝ፤ መድኃኒት ለምትሰጠኝ ልጅ ደግሞ የካርድ ቁጥር። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ፣ ልጄ ከኬፕታውን እሁድ እሁድ ከመደወሉ በቀር፣ ስልኬ የሚጮኸው ኢንሹራንስ ሊሸጡልኝ የሚፈልጉ ሰዎች ሲደውሉ ብቻ ነው። ዞር ስል አንዲት ጎልማሳ ሴት ቆማለች። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሳለች፤ ቦት ጫማዋ ላይ ቀይ አፈር ደርቆበታል። አላወቅኋትም። እሷም ፈገግ አላለችም።

«ታንዲ ነኝ» አለችኝ። «ከኦሬንጅ ፋርም።»

ያኔ አወቅኋት። ወረፋውን ትቼላት ልሂድ ወይስ ልጨብጣት እያልኩ ሳመነታ ተራዬ ደረሰና መድኃኒቱን ተቀበልኩ፤ ስንት ጊዜ እንደምውጠው የተነገረኝ አንዱም አልገባኝም። ከዚያ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ተቀመጥን። ያወራነውን ከመናገሬ በፊት ግን ይህች ሴት ማን እንደሆነች ማስረዳት አለብኝ፤ ለዚያ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይለኛል።

ያን ጊዜ የምኖረው ጆሃንስበርግ መሐል፣ ቤሪያ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት በሚበዛ ሕንፃ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ። ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ወደማስተምርበት ዩኒቨርሲቲም በእግር ይደረሳል። ጠዋት ጠዋት በረንዳዎቹ ሁሉ በልብስ ይሸፈናሉ፤ የኮንጎዎቹ ሴቶች ጨርቅ ቢጫና ሰማያዊ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ቱታ፣ የትምህርት ቤት ነጭ ሸሚዝ። ማዕዘኑ ላይ አንዲት እናት ማግዊኛ ትጠብሳለች፤ የእኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል ሊጥ ነው፣ በሳንቲም የሚገዛ፤ በጋዜጣ ጠቅልላ ስትሰጠኝ ዘይቱ ፊደሉን አልቅቆ እጄ ላይ ያትመዋል። ታክሲዎቹ በሙዚቃ ድምፅ መስታወታቸው እየተንቀጠቀጠ ያልፋሉ። እሁድ ደግሞ ከጎኔ ካለው ክፍል መዝሙር ይሰማል፤ ታምራትና ጓደኞቹ ናቸው፣ ከሆሳዕና የመጡ ልጆች፣ ስድስት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ። ታምራት ከከተማው በስተ ደቡብ ርቆ ባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረው፤ እዚህ ስፓዛ ይሉታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ሱቁ ውስጥ ያድራል፣ ቅዳሜ ዕቃ ሊገዛ ከተማ ይገባል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይውላል። አማርኛው ከሀዲይኛው ጋር እየተጋጨ ነበር የሚወጣው፤ እኔን «ጋሼ» ይለኝ ነበር፤ ያን ቃል በዚያ አገር ከሌላ ከማንም አልሰማሁትም።

በዩኒቨርሲቲው የሲቪል ምሕንድስና መምህር ነበርኩ። ፕሮፌሰር አልነበርኩም፤ የዚህ አገር ተማሪ ግን ጠመኔ የያዘውን ሁሉ ፕሮፍ ይላል። የገባሁበት ዘመን በሩ ለጥቁሮች ገና የተከፈተበት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ አዳራሽ የሚቀመጡት የነጮቹ ሰፈር ወንዶች ብቻ ነበሩ አሉ። እኔ ስደርስ የነጮች አገዛዝ አክትሞ፣ አዲሱ ፖሊሲ ወጥቶ፣ ከሶዌቶ የመጣው ከቬንዳ ከመጣው ጋር፣ ከሌኔዢያ የመጣችው ሕንዳዊት ከነጩ አፍሪካነር ገበሬ ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ያን ክፍል ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነው። ተማሪዎቹ ሥራቸውን ሲያቀርቡ ኮት መልበስ ግዴታ ነበር፤ ከታውንሺፕ፣ ከከተማ ዳር ካሉት የጥቁሮች ሰፈሮች፣ የመጡት አራት ወንዶች ግን ያላቸው አንድ ኮት ነው። አንዱ አቅርቦ ሲወጣ በር ላይ አውልቆ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ለአንዱ እጅጌው ጣቱን ይሸፍናል፣ ለሌላው ክንዱ ላይ ይቀራል። እኛ ፈታኞቹም ኮቱን እንዳላየን እናልፋለን። ዛሬ ተማሪው በቲሸርት ይቀርባል አሉኝ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ያ ኮት የት ደርሶ ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ኃላፊዬ ፒተር የሚባል ረጅም ሰው ነበር፤ ክፉ አልነበረም። የልጆቹን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ ሻይ አፍልቶ ያቀርብልሃል፤ ግን በሦስት ዓረፍተ ነገር አንዴ «ደረጃው» የሚለው ቃል ከአፉ ይወጣል። ደረጃው እንዳይወርድ። ደረጃው ይጠበቅ። የእኔ ኮንትራት በየዓመቱ የሚታደስ ነበርና ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ስለ ራሴ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። የውጭ ሰው ነኝ፣ ጥቁር ነኝ፣ የተቀጠርኩት ለፖሊሲው ሲባል ነው የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ከሁሉም ጥብቁ ፈታኝ እኔ ሆንኩ። ለታውንሺፕ ልጆች ያዳላል እንዳልባል በታውንሺፕ ልጆች ላይ ጠነከርኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴም ቢሆን።

ታንዲ በመጨረሻው ዓመት ክፍል ከነበሩት ሦስት ሴቶች አንዷ ነበረች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ፀጉሯን አጥብቃ የምትጎነጉን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ክፍል ለመድረስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤቷ እንደምትወጣ የሰማሁት በኋላ ነው። የዓመቱ የንድፍ ሥራ የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ነበር። የሰጠኋቸው ካርታ ሰፊ አስፋልት፣ የተስተካከለ ጠርዝና ትልልቅ ግቢ ያለው ሰፈር ካርታ ነው፤ ከመማሪያ መጽሐፉ የተወሰደ። ሁሉም የኮንክሪት ቧንቧውን ዲያሜትር አስልተው አመጡ። ታንዲ ግን ካርታውን ትታ የራሷን ሰፈር ሣለች። ቧንቧ የለም። በሣር የተሸፈነ ጥልቀት የሌለው ቦይ፣ በየመሐሉ ድንጋይ የተሞላ ጉድጓድ ውሃውን ወደ መሬት የሚያሰርግ፣ መጨረሻው ላይ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ዛፎች። ሁሉም በእርሳስ፣ እጅግ በጸዳ እጅ።

ፒተርና አንድ ሌላ መምህር አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

«ቧንቧው የታለ?» አልኳት።

«ቧንቧ በእኛ ሰፈር በአንድ ክረምት በቆሻሻ ይደፈናል ፕሮፍ። የሚጠርገው የለም። ይሄን ግን ጎረቤቶቼ በአካፋ ሊሠሩት ይችላሉ። ሲበላሽም ራሳቸው ይጠግኑታል።»

«የጠየቅሁሽ ስለ ጎረቤቶችሽ አይደለም። መመሪያው ላይ የትኛው ቀመር ነው ይሄ?»

«መመሪያው ላይ የለም።»

«እንግዲያውስ ምሕንድስና አይደለም» አልኩ።

ፒተር በጉሮሮው አንዳች ነገር አሰማ፤ መስማማት ነበር። ታንዲ ወረቀቷን መጠቅለል ጀመረች፤ ከዚያ ቆም ብላ «እዚያ ሄደው ያውቃሉ ፕሮፍ?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ሄጄ አላውቅም ነበር፤ የሚቀጥለውን ተማሪ ጠራሁ።

ጣልኳት። በሌላው ትምህርት ሁሉ አልፋለች። ግን የነጻ ትምህርት ዕድሉ ደንብ ግልጽ ነበር፤ የመጨረሻውን ዓመት ንድፍ የወደቀ ዕድሉ ይቋረጣል። በሩን የከፈተው ፖሊሲ ወደ ውስጥ የገባውን ሰው ስለ መያዝ ያሰበበት ነገር አልነበረም። እኔም አላሰብኩበትም። የሚገርመው ደግሞ፣ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ተምሬ፣ የበረዶ ክምር የሚሸከም ጣሪያ አስልቻለሁ። መስኮቱን ከፍቼ ሰማዩን አይቼ «ይሄ ምን ይሠራልናል?» ብዬ መምህሬን ብጠይቅ የሚቆጡኝ ስለመሰለኝ ዝም አልኩ። ታንዲ ግን ዝም አላለችም፤ ያስቀየመኝም ምናልባት ያ ሳይሆን አይቀርም።

በሚቀጥለው ዓመት በዝናቡ ወራት፣ አንድ ቅዳሜ ታምራት «ጋሼ፣ ሾፔን አንድ ቀን እንኳ ሳያዩልኝ ዓመት ሞላ እኮ» አለኝ። ፈተና አርሜ ስለጨረስኩ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ፣ የገዛውን ዕቃ ሊያደርስ ሲመለስ ተከተልኩት። መንገድ ዳር ቆመን እጁን ወደ ላይ አድርጎ ጣቶቹን እንደ ጽዋ ሰበሰበ። «እንዲህ ያድርጉ፤ ብርቱካን እንደያዘ ሰው። ሹፌሩ ኦሬንጅ ፋርም እንደምንሄድ ያውቃል።» አደረግሁ። የምሕንድስና ዶክተር በመንገድ ዳር የሌለ ብርቱካን ይዞ ቆመ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከተማው አልቆ፣ ሶዌቶ በስተ ቀኝ ቀርቶ፣ ሜዳው ብቻ ይቀጥላል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ከከተማ የገዙትን የግድግዳ ሰዓት ታቅፈው ተኝተዋል። ይህን መንገድ ያቺ ልጅ በየቀኑ ትመላለስበት እንደነበር ያሰብኩት እዚያ ታክሲ ውስጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና እንደ ጆሃንስበርግ ልማድ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወረደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ ወደ ሱቁ ገባ። ታምራት ልምድ ነበረው፤ የበቆሎ ዱቄቱን ጆንያ ባዶ ሳጥኖች ላይ እያነሣ «ጌታ ይመስገን፣ ዛሬ እንኳ ዝቅ ያለ ነው» ይላል። እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ ስኳር አነሣሁ። ቀይ ውሃ ቁርጭምጭሚቴን አልፎ፣ የሕፃን ጫማና የላስቲክ ከረጢት እየገፋ፣ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ዝናቡ ሲያባራ ታምራት መጥረጊያውን ይዞ «እዚያ ማዶ ያለው መንገድ ግን አይሞላም፤ እነሱ ተባርከዋል» አለኝ።

ሄጄ አየሁት። በአንድ መንገድ ርዝመት፣ ከቤቶቹ ፊት ለፊት፣ በሣር የተሸፈነ ቦይ። ውሃው ረጋ ብሎ ይወርዳል፣ ድንጋይ የተሞላው ጉድጓድ ጋ ሲደርስ እየቀነሰ ይጠፋል። መንገዱ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። የጣልኩት ንድፍ እዚያ መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር።

አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩኝ «ሳውቦና ማማ» ብዬ በዙሉኛ ሰላም አልኳቸው። ይህን ማን እንደሠራው ጠየቅኋቸው።

«ልጄ ናት። ከአጎቷና ከጎረቤቶች ጋር። ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ትማር ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ክሊፕታውን ልብስ ትሸጣለች፣ ገበያው ውስጥ። ወደቀች። በምን እንደወደቀች አልነገረችኝም።»

ወንበር አወጡልኝ፣ ቀዝቃዛ መጠጥ አመጡልኝ። አስተማሪዋ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። የጣልኳት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ደብዳቤ እንደምጽፍ፣ ልጃቸው እንደምትመለስ፣ መልሱን ራሴ መጥቼ እንደምነግራቸው ቃል ገባሁላቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ደብዳቤውን በእርግጥ ጻፍኩ። ፒተር አንብቦ መነጽሩን አወለቀና «ለአንዷ ብለን ደንቡን ካጠፍነው የሚቀጥለውን በምን እንመልሰዋለን?» አለኝ። የትምህርት ዕድሉም ለሌላ ተማሪ ተሰጥቷል። ያን ቀን ልከራከር እችል ነበር፤ አልተከራከርኩም። ኦሬንጅ ፋርምም አልተመለስኩም። በዚህ ቅዳሜ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስል ወራት ሄዱ። ባለቤቴ ወረቀቷ አልቆላት ከአገር ቤት መጣች፣ ከቤሪያ ለቀን ሌላ ሰፈር ገባን፣ ታምራት ሱቁን ሸጦ ሆሳዕና ገባ። ከእሱ በኋላ ወደዚያ የሚወስደኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን ምክንያት አድርጌ ለራሴ አቀርብ ነበር።

ጥቂት ዓመታት አለፉና ፖሊሲው እንደገና ተለወጠ። ፕሮግራማችንን የሚያጸድቁት ሰዎች አዲስ ሰነድ ላኩ። የሚመረቀው መሐንዲስ ስለ ማኅበረሰብ፣ ስለ አካባቢ፣ ስለ ዘላቂነት ያወቀ መሆኑን አሳዩ አሉ። ፒተር መምህራኑን ሰብስቦ «ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ነገር ያለው ሰው አለ?» ሲል ሁሉም ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። እኔ ከመሳቢያዬ፣ ከፈተና ወረቀቶች ጋር እኔ ዘንድ የቀረውን ያን በእርሳስ የተሠራ ንድፍ አወጣሁ። በኮምፒውተር አስገለበጥኩት። አዲስ ኮርስ ተሠራበት፤ ገምጋሚዎቹ አደነቁት፤ የእኔም ኮንትራት ወደ ቋሚ ቅጥር ተዛወረ። ከሥዕሉ ሥር «በኮርሱ መምህር የተዘጋጀ» ተብሎ ታተመ። ያን መስመር የጻፈችው ጸሐፊዋ ናት። ለማረም ያነበብኩት ግን እኔ ነኝ፤ አላረምኩትም።

እንግዲህ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ታንዲ ያወራችኝ ስለዚያ መስመር ነው። ልብስ ስትሸጥ ቆይታ ማታ ማታ ቴክኒክ ኮሌጅ ተምራለች፤ አሁን ለአንድ ተቋራጭ የመንገድ ጥገና ቡድን ትመራለች። ልጇ ኖምሳ ደግሞ ዘንድሮ እዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው ክፍል ገብታለች።

«የኮርሱን ማስታወሻ ይዛ ቤት መጣች» አለችኝ። «ገጹን ስትገልጥ መንገዳችንን አየሁት። የትምህርት ቤቱ ዛፎች ሳይቀሩ አሉ። ከዚያ ስሜን ፈለግኩ።»

«ታንዲ...»

«ልጄ ይሄን ማን ሠራው አለችኝ። እኔ ነኝ ብላት ታምነኛለች? የታተመ ነገር ነው።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ደብዳቤ ጽፌ እንደነበር ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

«አውቃለሁ፤ እናቴ ነግራኛለች። አንድ ቅዳሜ መጡ። ከዚያ በኋላ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበሩን ውጭ ታወጣው ነበር። እስከ ፋሲካ ድረስ አወጣችው።» ቦት ጫማዋ ላይ የደረቀውን አፈር በጣቷ ፋቀች። «የጣሉኝን ይቅር ብያለሁ ፕሮፍ። ያኔ መጽሐፉ እንደዚያ ነበር። እምቢ አሉን ብለው ሊነግሩን አለመምጣትዎ ግን...»

አልጨረሰችውም። የምትመራው ቡድን እየጠበቃት ነበር። ስልክ ቁጥሯን ስጠይቃት ሰጠችኝ፤ ተነሥታ ሄደች። እኔ መድኃኒቴን ይዤ መብራቶቹ እስኪበሩ ድረስ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ።

በማግሥቱ ኮርሱን አሁን ለሚያስተምረው ለሲፎ ደወልኩለት፤ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። «ክፍል መጥተው ይናገሩት» አለኝ። ሐሙስ ዕለት ሄድኩ። አዳራሹ ተቀይሯል፤ ጠመኔ የለም። ግማሹ ክፍል ሴቶች ናቸው። ሲፎ ንድፉን ግድግዳው ላይ አበራው፤ እኔም ይህን የሠራችው ታንዲ የምትባል የዚህ ክፍል ተማሪ እንደነበረች፣ እኔ እንደጣልኳት፣ በኋላም ሥራዋን የራሴ አድርጌ እንዳስተማርኩበት ተናገርኩ። አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ «ለምን?» አለኝ። «ፈርቼ» አልኩት። ሌላ የጠየቀኝ የለም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የእናቷን ግንባር የያዘች ልጅ አቀርቅራ ትጽፋለች። ሲያበቃ ወደ እኔ ትመጣ ይሆን ብዬ ቆየሁ። ቦርሳዋን አንሥታ ከጓደኞቿ ጋር ወጣች። እንደዚያ ማድረጓ ልክ ነው። ከዩኒቨርሲቲው እስከ ቤቴ በአውቶቡስ መጣሁ፤ ያን ቀን ሌላ ያናገረኝ ሰው አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ ገጽ ተዘጋጀ። ከሥዕሉ ሥር የታንዲ ሙሉ ስም፣ ቀጥሎ «የኦሬንጅ ፋርም ነዋሪዎች የሠሩት» ይላል። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። አየችው፤ ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። በሦስተኛው ቀን እራት ልበላ ስል መልእክት መጣ።

«ፕሮፍ፣ አይቼዋለሁ። ኖምሳም አይታዋለች። አመሰግናለሁ። ነገር ግን ቁጥሩ ስሕተት ነው። የቦዩ ቁልቁለት ሁለት መቶ ሜትር ሄዶ አንድ ሜትር ይወርዳል ይላል። የእኔ መቶ ሃምሳ ነበር። ከአጎቴ ጋር በውሃ በተሞላ የላስቲክ ቱቦ ለክተነዋል። በእርስዎ ቁጥር ከተሠራ አሸዋው ቦዩ ውስጥ ይቀመጣል።»

አሮጌውን ወረቀት አወጣሁ። እውነቷን ነው፤ በእርሳስ፣ በዚያ ጽዱ እጇ፣ መቶ ሃምሳ ይላል። በኮምፒውተር ሳስገለብጠው ተሳስታለች ብዬ ከመመሪያው ቁጥር ወስጄ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ይህን ያህል ዘመን፣ ይህን ያህል ተማሪ፣ ያን ቁጥር አስተማርኩ። «ልክ ነሽ። አስተካክለዋለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ፤ ሌላ ቃል አልመጣም፤ እስከ ዛሬም አልመጣም።

በማግሥቱ ጠዋት ሲፎ ቢሮውን ሊከፍት ሲመጣ አሮጌውን ወረቀት ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አገኘኝ።